የእታለም የዶርም ዘመን

እታለም ሌባ መሆኗ የታወቀው ማክሰኞ ዕለት፣ ከራት በፊት ነው።

ዜናው በብሎክ ሠላሳ አራት ለሚኖሩት ሁሉ እኩል ደረሰ፤ ምስል የሚያሳዩት የቤት ግድግዳዎች ሁሉ የሚበሩት በአንድ ጊዜ ነውና። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጡረተኛ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን መታበት። ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ ውሃ ረጩባት። ሊፍት ውስጥ የነበሩት ምድር ቤት ከደረሱ በኋላም አልወጡም። በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ በሊፍቱ ትንሽ ግድግዳ ላይ የዕለቱን ክፍል እስከ መጨረሻው ቆመው ተመለከቱ። ሲያልቅ አንዲት ሴት "ውሸት ነው" አለች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

"የአምስተኛ ፎቅ ሰዎች" በየቤቱ ግድግዳ ላይ መኖር ከጀመሩ ሁለት ትውልድ አልፏል። በመዝገብ ስሙ አሁንም ድራማ ይባላል። አራት ጎረቤታሞች በአንድ ኮሪደር ይኖራሉ፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ልጅ ይድራሉ፣ ይታመማሉ። ከአራቱ በጣም የምትወደደው እታለም ናት። ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚነቃነቅ፣ የሰው ቤት ድስት ከፍታ ሳትቀምስ የማታልፍ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ብቅ ትልና ባለቤቱን በስሙ ጠርታ ትቀሰቅሳለች። የደም ግፊት ኪኒኑን ያልዋጠውን ትቆጣለች። ልጆች ሊፈተኑ ሲሄዱ ትመርቃለች። በሥራ ቦታ "እታለም ቆይ ብላኛለች" ብሎ ማርፈድ ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት ነው።

የግድግዳ እድሩም የመጣው በዚሁ ፍቅር ነው። ከድራማው ሰዎች የመጀመሪያው ሲሞት፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ጎረምሶች ለቀልድ ድንኳን ተከሉ፣ ለቀልድም ንፍሮ አስቀቀሉ። ሁለተኛው ሲሞት የቀለደ አልነበረም። ዛሬ የግድግዳ እድር የሌለው ብሎክ የለም። መሥሪያ ቤቶች የለቅሶ ፈቃድ ይሰጡበታል። ከሥጋ እድሩ ይልቅ አባል የሚበዛውም እሱ ነው፤ የሥጋ ጎረቤት ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው አይገኝም።

"የዶርም ዘመን" የአራቱን የኮሌጅ ዓመታት የሚያሳይ አኒሜሽን ነው። በሥዕል የተሠራው ሕዝቡ የእታለምን ወጣትነት ለሌላ ሰው ፊት ስለማይሰጥ ነው። ድራማውን የሚሠራው ስቱዲዮ አንድ ጊዜ ተዋናይት አምጥቶ ሞክሮ መስኮቶቹ ረግፈውበታል። ሥዕል ሲሆን ግን ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሲታዩ በየቤቱ ሳቅ ነበር። እታለም ቀጭን ሆና፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ከካፌው ዳቦ በጃኬቷ ሥር ደብቃ ስትወጣ ሰው በደስታ አለቀሰ።

ማክሰኞ በታየው ክፍል የአንድ መምህር ታብሌት ጠፋ። ፈተናው ውስጡ ነበር። ጥበቃዎች ዶርሞቹን መፈተሽ ሲጀምሩ፣ ቀጭኗ እታለም ታብሌቱን ከራሷ ትራስ ሥር አወጣች። ክፍሉን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሐመልማል የምትባለውን የዶርም ጓደኛዋን ሎከር ከፍታ ከልብሶቹ መሀል ሸጎጠችው። በማግስቱ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እጇን አንስታ "ስትደብቀው በዓይኔ አይቻለሁ" ብላ ማለች። ሐመልማል ፍራሽዋን ጠቅልላ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች፣ በግቢው በር ወጣች። ክፍሉ ያለቀው በጀርባዋ ላይ ነው።

የብሎኩ የግድግዳ እድር ሊቀመንበር ወይዘሮ ሄራን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ ኮሪደር ወጣች። ፊት ለፊቷ ያለው በር ላይ ጎረቤቷ ቆማ ነበር።

"አየሽ፣ የናቲ እናት? አየሽ የሠሩባትን?"

"በማን ላይ?"

"በእታለም ላይ ነዋ። ስሟን አጠፉት እኮ። እሷ እንዲህ ታደርጋለች? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።"

"ልጅ ነበረች፤ ምን ይታወቃል።"

"አታደርግም" አለች ሄራን። "እኔ አውቃታለሁ። ብትሞትብኝ ይሻለኝ ነበር።"

የናቲ እናት የሄራንን ፊት ረጋ ብላ ተመለከተችው፤ ዓይኗን፣ የከንፈሯን ጫፍ፣ እንባዋን። የምትፈልገው ነገር ግን እዚያ የለም። "በርቺ" ብላት በሯን ዘጋች።

የናቲ እናት ስሟ ሶልያና ነው። ብሎኩ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ስትገባ ልጇ ናቲ ዕቃ ሊያስገባላት አብሯት መጥቶ ነበርና የናቲ እናት ተባለች፤ ናቲ ወደ ጂቡቲ ወደ ክሬን ሥራው ሲመለስም ስሙ እዚያው ቀረ። ሌላ ስም የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ከሃምሳ ዓመት በፊት ተራራው ላይ ካለው ኮሌጅ ፍራሽዋን ጠቅልላ የወጣችው እሷ ናት። እጇን አንስታ የማለችባት ሄራን ናት። ሶልያና አባቷ ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አባቷ አልመታትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ገንዘብ ያለበትን ኪሱን በእጁ ይዞ ነው በአጠገቧ የሚያልፈው። እስኪሞት ድረስ እንደያዘ ነበር። እሷ ዕድሜዋን በዶሮ ፋብሪካ እንቁላል ስትለይ ጨረሰች። አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሄራን የምትባል አንዲት ሴት በሆነ ከተማ እንደምትኖር፣ እንደምትበላና እንደምትተኛ ታውቅ ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ፈለገቻት። ሰው መፈለግ ዛሬ ከባድ አይደለም። ሄራን ያለችበትን ብሎክ፣ ፎቁን፣ በሩን አገኘች። ፊት ለፊት ያለው ቤት ባዶ እስኪሆን ጠበቀችና ገባች። በመጀመሪያው ቀን ሄራን ትኩስ ዳቦ ይዛ "እንኳን ደህና መጣሽ" ልትላት መጣች። ሶልያና በሩን ከፍታ እንድትታወቅ ቆመች። ሄራን ዳቦውን ሰጥታት ስለ ውሃው ሰዓት ነገረቻት፤ መስኮት የሚከፈተው አቧራው ሲያርፍ ብቻ መሆኑን አስረዳቻት። ከዚያም እታለም የጀመረችው ጨዋታ እንዳያመልጣት ቶሎ ተመለሰች።

ለአራት ዓመት ጎረቤታሞች ሆነው ኖሩ። በእነዚህ ዓመታት ሶልያና ሄራንን አጠናቻት። ባሏ ሞቷል። ልጆቿ ውጭ ናቸው፤ የሚደውሉት ለበዓል ነው። ያላት እታለም ናት። ጠዋት በሩ ሥር ድምፃቸው ይሰማል። እታለም "ሄሩ፣ ተነሺ እንጂ፤ አንቺ ሰነፍ" ትላታለች። ሄራን "ተነስቻለሁ፣ ዝም በይ" እያለች ትስቃለች። ራት ስታቀርብ ሁለተኛ ሳህን ግድግዳው ሥር ታስቀምጣለች። ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ።

ስቱዲዮው ለአኒሜሽኑ የኮሌጅ ትዝታ ያላቸው እንዲመጡ ሲያስነግር ሶልያና ሄደች። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጧት። አንዲት ወጣት ጠያቂ ፊት ለፊቷ ሆና እስኪያልቅ አደመጠቻት። የዶርሙን መስኮት፣ የሎከሩን ቀለም፣ የኮሚቴውን ጠረጴዛ፣ ሁሉንም ወሰዱ።

"በጣም ጥሩ ነው፣ እማማ" አለች ወጣቷ። "የከሳሿን ነገር ለየትኛዋ ሴት እንስጠው? ለአዲስ ገጸ ባሕርይ ነው የምናስበው። ሰው የሚጠላት ትሆናለች።"

"ለእታለም ስጡት።"

ወጣቷ ሳቀች። "እታለም እኮ የሁሉ ሰው እናት ናት።"

"ለዚያ ነው።"

ወጣቷ ወጥታ ከሰዎች ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። አለቆቿ ሐሳቡን ወደውታል። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ወዲያ አገሩ ስለ ሌላ አያወራም ብለዋል። የሶልያና ሐሳብ ግን ቀላል ነበር። ሄራን የራሷን ሥራ በምትወዳት ሴት እጅ ሲሠራ ታያለች። ታያለች፣ ታስታውሳለች፣ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላሰበችም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያሰበችው እስከ መነሳቷ ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ሄራን ግን አለቀሰች እንጂ አልተነሳችም።

በሚቀጥሉት ቀናት በብሎኩ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። መጀመሪያ የተሰደበው ስቱዲዮው ነው። ትምህርት ቤቱ ሕፃናቱን የሚያጽናና ሰው ቀጠረ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ተደባደቡ። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ አቅጣጫ ቀየረ። እታለምን መጥላት ለሰው ከበደው። የሆነ ሰው መጠላት ነበረበት፤ ያለችው ደግሞ ሐመልማል ብቻ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ሶልያና ውሃ ልትቀዳ ምድር ቤት ተሰልፋለች። ከፊቷ ሁለት ሴቶችና ጋሽ ናሆም ነበሩ። ጋሽ ናሆም የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የነበረ፣ አሁን የእድሩ ፀሐፊ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው።

"ሐመልማል ራሷ ምን ነበረች?" አለች አንደኛዋ። "ዓይኗን አላያችሁትም? ሰው ቀና ብላ አታይም።"

"ደሞ አካሄዷ" አለች ሁለተኛዋ። "እንዲህ እየተጎተተች።" ግራ እግሯን እየጎተተች ሁለት እርምጃ ሄዳ አሳየቻቸው። ሰልፈኛው ሳቀ።

"እግር ሌባ አያደርግም" አለ ጋሽ ናሆም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለሁሉ ይራራሉ። እታለም እንደዚያ ያደረገችው ያቺ ልጅ አንድ ነገር ብታደርጋት ነው። እታለም ያለ ነገር ሰው አትነካም።"

"ምን አደረገቻት?"

"እሱን ገና ያሳዩናል።"

የሶልያና ተራ ደረሰ። ጄሪካኗን ሞላች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ሊፍቱ ሄደች። ሴትዮዋ ከሳቋ ገና አልተመለሰችም። ያስተዋለ የለም።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ልጆች የቆሻሻ መጣያውን በር ነቅለው በሐመልማል ሥዕል ሸፍነው መለሱት። ቆሻሻ የሚጣለው በአፏ ነው። ከታች ፎቅ እስከ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየመጣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የተረፈ ወጥ በአፏ ይከታል። ሶልያናም ቆሻሻዋን እዚያው ትጥላለች፤ ሌላ በር የለም። አርብ ዕለት የምስር ልጣጯን ስትጥል ስለ አባቷ ኪስ አሰበች። ሄራን እንድታስታውስ ብቻ መፈለጓን ያቆመችው ያን ጊዜ ነው፤ እንድታጣም ፈለገች።

እታለም ጠዋት ጠዋት መምጣቷን አልተወችም፤ ግን አንገቷን ደፍታ ሆነ። የልጅነት ሥራዋ አሁን ባለችው እታለም ላይ ይቆጠራል። ሰውን በስሙ ትጠራለች፣ ዓይኑን አታየውም። አትቆጣም፣ አትስቅም። በየብሎኩ ኪኒን የረሱ ሽማግሌዎች መታመም ጀመሩ። ሄራን ክብደቷ ቀነሰ።

"ምን በላሽ ትለኝ ነበር" አለች በእድሩ ስብሰባ ላይ። "አሁን እንዴት አደርሽ ብላ ወደ መሬት ነው የምታየው። ሰው እንዴት ይቋቋመዋል? ታረቁ ብለን እንግባ። ሽማግሌ እንላክ።"

"ወደ ማን?" አለ ጋሽ ናሆም።

"ወደ ስቱዲዮው። ሐመልማል ይቅር እንድትላት።"

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌ መረጡ። ሄራን፣ ጋሽ ናሆምና አንድ ጡረተኛ መርከበኛ ነጭ ለብሰው ሄዱ። ስቱዲዮው በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ከየከተማው ለዚሁ ጉዳይ የመጡ ሽማግሌዎች መቀመጫውን ሞልተውታል። ለሁሉም አንድ መልስ ተሰጠ። በትዝታ አዋጁ መሠረት ይቅር ማለትና አለማለት የስቱዲዮው ሥልጣን አይደለም፤ ሥልጣኑ ታሪኩን የሰጠው የትዝታው ባለቤት ነው። ባለቤቷ በሕይወት አለች። ይቅር ካለች ሐመልማል ይቅር ትላለች፣ እታለምም እንደ ቀድሞዋ ትሆናለች። ካላለች ግን እታለም እንዲህ ሆና በግድግዳ ላይ መቀጠል አትችልም፤ ጠዋት ጠዋት አንገት የደፋች እታለምን የሚያይ ሰው መድኃኒቱን አይወስድም፣ ጤና ቢሮውም አቤቱታ አቅርቧል።

የብሎክ ሠላሳ አራት ሽማግሌዎች ሊወጡ ሲሉ ጠያቂዋ ወጣት ጠራቻቸው። ስም መናገር አይፈቀድላትም። የትዝታው ባለቤት የምትኖርበትን ቤት ቁጥር ግን ነገረቻቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሶልያና በር ተንኳኳ።

ስትከፍት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነበር። ከፊት ሄራን ተንበርክካለች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ብሎኩ ውስጥ ድንጋይ ስለማይገኝ ጥበቃው ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኮብልስቶን ነቅሎ ሰጥቷታል፤ ጫፉ ላይ የነጭ ቀለም መስመር አለበት። ጋሽ ናሆም ከጎኗ ቆሟል።

"ግቡ" አለች ሶልያና።

"ካልታረቅን አንገባም" አለ ጋሽ ናሆም። "የናቲ እናት፣ እዚህ አጠገባችን ሆነሽ አላወቅንሽም። ሰልፍ ላይ የተባለውንም ሰምተሻል። ለእሱ ራሱ ይቅርታ ልንጠይቅሽ ይገባናል። የመጣነው ግን ስለ እታለም ነው። በደለኛዋ መምጣት ስለማትችል በእሷ ምትክ ሊቀመንበራችን ድንጋይ ተሸክማለች።"

"በእሷ ምትክ ከሆነ በእሷ አፍ ትናገር። ምን እንዳደረገች ትንገረኝ።"

ሄራን ቀና ለማለት ሞክራ ድንጋዩ ከለከላት። ወደ መሬት እያየች ተናገረች።

"ታብሌቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ሎከርሽ ክፍት ነበር፤ ከልብሶችሽ መሀል አደረግሁት። በማግስቱ እጄን አንስቼ ማልኩብሽ። ስትወጪ በመስኮት አይቼሻለሁ። አልጠራሁሽም። በድዬሻለሁ።"

እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ሴቶች ተነፋረቁ። ሶልያና የበሩን እጀታ ያዘች። ሃምሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል፣ ከጠበቀችው አፍ፣ አንድ ሳይጎድል ወጣ።

"ሄራን፣ አንቺስ የት ነበር የተማርሽው?"

"እኔ? ተራራው ላይ።" ሄራን በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። "ለዚያ አይደል ዶርሙን ባየሁት ቁጥር ሆዴ የሚባባው። ያ የማይዘጋው መስኮት ራሱ። እንዴት አድርገው እንደሣሉት።"

"ስንት ነበራችሁ ዶርሙ ውስጥ?"

"አራት ነበርን። ኋላ ሦስት ሆንን። አንዷ ታማ ወደ አገሯ ሄደች መሰለኝ።"

"ታማ?"

"መሰለኝ። ቆየ እኮ፣ የናቲ እናት። ማን ያስታውሳል?"

ጋሽ ናሆም ድንጋዩን ማየት ትቶ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ ማየት ጀመረ።

ሶልያና የሄራንን ፊት መረመረችው። ውሸት ቢሆን የሆነ ቦታ ይታይ ነበር፤ ሽፋሽፍት ላይ፣ ጉሮሮ ላይ። የለም። ምናልባት ሄራን ከሃምሳ ዓመት በፊት ዋሽታ ውሸቷን ራሷ አምናው ይሆናል። ምናልባትም አሁን የምትዋሽ ይሆናል፤ በጣም ጥሩ አድርጋ። ሶልያና ይህን ልታረጋግጥ አልቻለችም፤ ከዚያም በኋላ አላረጋገጠችም።

"ያቺ ልጅ እኔ ነኝ" ልትላት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ድንጋዩን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ኮሪደሩን የሞላውን ሰው አየች። ብትናገር የሚሆነው ግልጽ ነው። ሄራን ትጮኻለች፣ እግሯ ላይ ትወድቃለች። ድንጋዩ እንደሆነ ተዘጋጅቶ ማጅራቷ ላይ አለ። ሽማግሌዎቹ በዚያው አፋቸው "ስለ እግዜር" ይላሉ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ያመነን ሰው አልምርም ማለት ነውር ነው። ሳይመሽ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። ሄራን እፎይ ብላ ትተኛለች፤ ጠዋት እታለም እየሳቀች ትቀሰቅሳታለች።

"እታለምን አልምራትም" አለች ሶልያና።

"የናቲ እናት" አለ ጋሽ ናሆም ቀስ ብሎ፣ "ሥዕል እኮ ናት።"

"ሥዕል ከሆነች ለምን ድንጋይ ተሸከማችሁላት?"

"ለእኛ ብለሽ። ለዚች ሴት ብለሽ። ካለ እታለም ምን አላት?"

"አውቃለሁ" አለች ሶልያና። "ጎረቤቷ ነኝ።"

ጋሽ ናሆም ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከሄራን ማጅራት አነሳ። "ተነሺ፣ ሄራን፣ እንሂድ" አለ። ደግመው እንዲለምኑ ከኋላ የገፋፉት ነበሩ፤ አልሰማቸውም።

እታለም ረቡዕ ዕለት ሄደች። ስቱዲዮው በመኪና አደጋ ሊገድላት አስቦ ነበር ይባላል፤ ኋላ ግን ቀለል ያለውን መረጠ። ቦርሳዋን ይዛ ከአምስተኛው ፎቅ በደረጃ ወረደች፣ የግቢውን በር ከፈተች፣ ወጣች። ሦስቱ ጎረቤቶቿ በመስኮት አዩዋት፤ አንዳቸውም አልጠሯትም። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳዎቹ በሰዓታቸው በሩ፤ ነጭ ሆነው ቆዩ፤ ከዚያ የአየር ሁኔታ ተናገሩ። ሄራን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ያስነሷት የእድሩ ሴቶች ናቸው።

የእታለም ለቅሶ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ኮብልስቶኑ ከተነቀለበት ቦታ አለፍ ብሎ ተተከለ። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ባቡሮች ባዶ ሄዱ። ሶልያና ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወረደች። ከአግዳሚዎቹ ላይ ወሬው ቆመ። ከሰልፉ ሴቶች አንደኛዋ ምራቋን ወደ መሬት ተፋች፤ ጥበቃው ጀርባውን ሰጣት። ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከድንኳን የሚመልስ የለም። ይህ ከድሮው እድር የቀረ ነገር ነው፤ የሚቀይረው አልተገኘም። ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ሄዳ ሄራን አጠገብ ተቀመጠች።

ሄራን ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ተሟጥጦ ሌላ ሰው መስላለች።

"አንቺ ነሽ የገደልሽብኝ" አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለውም።

"አዎ።"

"ምን አደረግሁሽ?"

አንዲት ልጅ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች። ሶልያና አንድ እፍኝ ዘግና ማላመጥ ጀመረች። ስንዴው ከባቄላው ጋር በደንብ በስሏል። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ የምግብ ፍላጎት ኖሯት አያውቅም።

አልቃሾቹ አረፍ ሲሉ ሄራን የድንኳኑን ጨርቅ ስታይ ቆየች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናገረች።

"ዛሬ ጠዋት ተኝቼ አንድ ነገር መጣብኝ። ያቺ የዶርሜ ልጅ። የታመመችው። ፍራሽዋን እንደጠቀለለች ቆማ አየኋት። የታመመ ሰው ግን ፍራሹን ራሱ ይጠቀልላል? ስሟን ልጠራት ብል ከየት ላምጣው።" ወደ ሶልያና ዞረች። "ማን ነበር ስሟ?"

ሶልያና በአፏ ያለውን ንፍሮ ዋጠች። በነጠላዋ ጫፍ እጇን ጠረገች። የሄራንን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ከሩቅ ለሚያይ የምታጽናናት ይመስላል።

"ይመጣልሻል" አለቻት። "ከእንግዲህ ጠዋት የሚያናግርሽ የለም። ጊዜ አለሽ።"

እጇን ለቀቀች፣ እንደ ደንቡ "እግዜር ያጥናሽ" አለቻት፣ ተነስታም ወደ ቤቷ ወጣች።